በጣና ዳር ለምትገኝ ትንሽ መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ አሠራር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጣና ዳር ለሚገኙ፣ የቧንቧ ውሃ ለገባላቸው፣ ነገር ግን ውሃው ካገለገለ በኋላ የት እንደሚሄድ ላልታሰበባቸው ትናንሽ መንደሮች ነው። ለስሌት እንዲያመች 300 ነዋሪ ያላትን መንደር ምሳሌ አድርጌያለሁ። የነዋሪው ቁጥር ከዚህ ቢያንስ፣ ወይም እስከ እጥፍ ቢጨምር፣ መጠኖቹን በዚያው ልክ መቀነስና መጨመር ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሥራውን መሐንዲስ ሊነድፈው ይገባል። የሚሠራው ማጣሪያ ሞተርም ሆነ መብራት አይፈልግም። ፍሳሹ በቱቦ ተሰብስቦ ዝቃጩን ወደሚያስቀር ታንክ ይገባል፣ ከዚያ ውሃው ከታች ወደ ላይ እየተገፋ በሚወጣባቸው አራት ክፍሎች ያልፋል፣ ቀጥሎም ደንገል በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ ይጣራል፣ በመጨረሻም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ሙዝና ወደ ሣር ማሳ ይለቀቃል።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሐይቅ ቢሆንም፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር አካባቢ ነው። የመንደር ፍሳሽ የሚገባው ደግሞ ወደ መሐሉ ሳይሆን ውሃው ከጉልበት ወደማያልፍበት ዳርቻ ነው፤ ልጆች የሚዋኙት፣ ልብስ የሚታጠበውና ከብት የሚጠጣውም እዚያው ነው። በአካባቢው የተለመደው ቢልሃርዝያ የሚስፋፋው በሰገራ ውስጥ ያለው እንቁላል ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ቀንድ አውጣ ላይ አድጎ፣ ተመልሶ እግሩን ውሃ ውስጥ ያስገባ ሰው ቆዳ ውስጥ ሲዘልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እንቦጭም የሚመገበው ከእርሻም ከመንደርም ታጥቦ የሚመጣውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። ከዚህ በታች የተቀመጠው አሠራር በሙሉ ፍሳሹ ከዚህ ዳርቻ እንዳይደርስ ለማድረግ የታሰበ ነው።

እርምጃ አንድ፦ የሐይቁን ከፍታ ማወቅ

ሥራው የሚጀመረው በቁፋሮ ሳይሆን በምልክት ነው። የጣና ውሃ ከዓመቱ ዝቅተኛ ከፍታው እስከ ከፍተኛው ከአንድ ሜትር በላይ ይወጣል ይወርዳል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል፣ ክረምቱ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ጢም ይላል። በበጋ መሬት የለካ ሰው ደረቅ ቦታ አገኘሁ ብሎ ይቆፍርና ጉድጓዱ መስከረም ላይ ውሃ ያፈልቃል። ስለዚህ ሐይቁ በሕይወት ባሉ ሰዎች ትዝታ እጅግ ርቆ የወጣው እስከ የት እንደነበረ አሣ አጥማጆችንና በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎችን እየጠየቁ፣ በዛፍ ግንድና በድንጋይ አጥር ላይ የቀረውን የውሃ መስመርም እየተመለከቱ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ችካል መትከል ያስፈልጋል። ከችካሉ ከፍታ ወደ መንደሩ ለመሻገር ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በቂ ነው።

የማጣሪያው መደብ የውስጥ ወለል ከዚህ ችካል በላይ መሆን አለበት። ታንኩን ከችካሉ በላይ ማድረግ ከተቻለ እሰየው፤ ካልተቻለ ግን ውሃ እንዳያነሣው ተደርጎ ይሠራል፣ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ። ከሐይቁ የከፍተኛ ውሃ መስመር ቢያንስ 50 ሜትር፣ ከማንኛውም የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ እመክራለሁ። ታንኩ የሚያርፍበት ቦታ ፍሳሽ ማንሻ መኪና በክረምትም በበጋም ሊጠጋው የሚችል መሆኑ ከዚህ ሁሉ ጋር እኩል መታየት አለበት፤ ብዙ ማጣሪያዎች የሚሞቱት በንድፍ ስህተት ሳይሆን መኪናው የሚቆምበት ቦታ በማጣት ነው።

አፈሩም ይታይ። በፎገራና በደንቢያ ሜዳ እንዳለው ዓይነት ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ ቱቦም ግንብም ይሰብራል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ዋልካው ተቆርጦ ይወጣና የታንኩ ሥርና የቱቦው መተኛ በተመረጠ፣ በማያብጥ አፈር ይሞላል።

እርምጃ ሁለት፦ ፍሳሹን መለካት

መንደሩ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀም ከቆጣሪ ለሁለት ሳምንት መመዝገብ ከማንኛውም ግምት ይሻላል። በምሳሌያችን አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይጠቀማል እንበል። ከዚህ 80 ከመቶው ወደ ፍሳሽ ይለወጣል ብለን ስናሰላ 300 ሰው በቀን 12 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል። የአንድ ሰው አጠቃቀም ከ30 ሊትር በታች ከሆነ ግን ቱቦው በውሃ እጥረት ይደፈናልና ይህ አሠራር ለዚያ መንደር አይሆንም። ለእንዲህ ያለው መንደር የሚበጀው ሽንትና ዓይነ ምድርን ለይቶ የሚያስቀር፣ አመድ የሚነሰነስበት፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ደረቅ መጸዳጃ ቤት ነው።

የፍሳሹን መጠን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ምን እንደያዘም መታወቅ አለበት። በሐይቅ ዳር መንደር ሁለት ነገሮች ማጣሪያን ይገድላሉ። አንደኛው የጠላ አተላ ነው። የአንድ ጠላ ቤት አተላ በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦ ሲደፋ ለማጣሪያው የብዙ ቤተሰብ የቀን ፍሳሽ ያህል ይከብደዋል፣ ታንኩንም ያኮመጥጠዋል፤ ድሮም የከብት ቀለብ ነበርና አሁንም ወደ ከብቱ ይሂድ። ሁለተኛው የአሣ ነገር ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ በሚበለትበት ቦታ የሚወጣው አንጀት፣ ደምና ስብ ወደ ቱቦው መግባት የለበትም። መበለቻው ላይ በወንፊት ተይዞ ከሣርና ከአመድ ጋር ተደባልቆ ከዳርቻው ርቆ በጉድጓድ ይቀበር፣ ወይም ብስባሽ ይሁን። መበለቻው የሚታጠብበት ውሃ ብቻ፣ ያውም ስቡ ተንሳፍፎ በሚቀርበት ሳጥን፣ በስብ ማጥመጃ፣ ካለፈ በኋላ፣ ወደ መስመሩ ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ሳያስማሙ ቁፋሮ መጀመር ገንዘብ መቅበር ነው፤ ስምምነቱ በዕድር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ቢፈረም ይመረጣል። በዚያው ሰሞን የወረዳው የአካባቢ ጥበቃና የውሃ ጽሕፈት ቤቶች ቦታውን አይተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ማመልከት ይገባል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚመለከተው ፋብሪካን ብቻ አይደለም።

እርምጃ ሦስት፦ ቱቦውን መዘርጋት

ለመንደሩ ዋና መስመር 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል። በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር፣ ከቤት ወደ መስመሩ በሚገናኝበት ደግሞ 2 ሳንቲሜትር ቁልቁለት ይሰጠው። በግቢ ውስጥ 40 ሳንቲሜትር፣ መኪና በሚያልፍበት 80 ሳንቲሜትር አፈር ይልበስ። በእያንዳንዱ መታጠፊያና በየ25 ሜትሩ መፈተሻ ሳጥን ይሠራ። የጣሪያ ውሃ ከዚህ መስመር ጋር በፍጹም አይገናኝ፤ አንድ የሐምሌ ዶፍ ለወራት የተከማቸን ዝቃጭ ጠራርጎ ጠጠሩ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

እርምጃ አራት፦ ታንኩን መገንባት

የታንኩ ሥራ ከባዱን ነገር ወደ ታች እንዲሰጥም፣ ስቡን ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ ጊዜ መስጠት ነው። የአንድ ሰው ዝቃጭ በዓመት 40 ሊትር ያህል ነው ተብሎ ሲታሰብ፣ ከ300 ሰው በሁለት ዓመት 24 ሜትር ኩብ ይጠራቀማል። ታንኩን ለማስጠረግ አንድ ቀን ሲቀር እንኳ ፍሳሹ ለሁለት ቀን የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖር ሌላ 24 ሜትር ኩብ ይጨመርና ጠቅላላው 48 ይሆናል። ይህም በውሃ ጥልቀት 2 ሜትር፣ በወርድ 3 ሜትር፣ በርዝመት 8 ሜትር ማለት ነው። ከውሃው በላይ እስከ ክዳኑ ሌላ 40 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል። ታንኩ በግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ክፍል የርዝመቱን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል፣ የሚገናኙትም በግድግዳው ወገብ ላይ በሚተው ቀዳዳ ነው። በዚህ ቀዳዳ የሚያልፈው መሐል ላይ ያለው ጠራ ያለ ውሃ ብቻ ነው።

ከታንኩ ጋር ተያይዘው፣ በዚያው ወርድና ጥልቀት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ክፍሎች ይሠራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወርዱት ቱቦዎች ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው ያበቃሉ። ፍሳሹ ከታች ገብቶ በተኛው ዝቃጭ መካከል ወደ ላይ ሲወጣ፣ አየር ሳያስፈልጋቸው በዝቃጩ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን የሟሟውን ቆሻሻ ይበሉታል። የቀኑ ፍሳሽ በአብዛኛው በስምንት ሰዓት ውስጥ ይመጣል ብንል በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ ነው፤ የአንዱ ክፍል ስፋት 3 ካሬ ሜትር በመሆኑ ውሃው በሰዓት ግማሽ ሜትር ይወጣል። ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ከፈጠነ ዝቃጩን ይዞት ይሄዳልና ክፍሎቹን ማጥበብ ቁጠባ አይደለም። ታንኩና አራቱ ክፍሎች በደንብ ከሠሩ ከፍሳሹ የኦርጋኒክ ጫና፣ ማለትም ከሚበሰብሰው ቆሻሻ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያስቀራሉ።

አሁን ውሃ ስለሚያነሣው ታንክ። አንድ የሐይቅ ዳር ማረፊያ ውስጥ ያየሁት ታንክ ተጠርጎ ባዶውን እንዳደረ፣ በማግሥቱ አንዱ ጫፉ ከመሬት ብቅ ብሎ፣ መግቢያ ቱቦው ተገንጥሎ ተገኘ። ወሩ መስከረም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በታንኩ ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በየሜትር ኩቡ አንድ ቶን ወደ ላይ ይገፋል። የኛው ታንክ ከነክፍሎቹ 12 ሜትር በ3 ሜትር ነው፤ ውሃው በጎኑ 1.5 ሜትር ከፍ ቢል ባዶውን ታንክ በ54 ቶን ጉልበት ያነሣዋል። ስለዚህ ወለሉ ከግድግዳው ውጭ በየአቅጣጫው 30 ሳንቲሜትር ወጣ እንዲል ተደርጎ በአርማታ ይሞላል፣ በላዩም አፈር ተመልሶ ይጠቀጠቅበታል፤ አፈሩ ታንኩን ተጭኖ የሚይዘው በዚህ ከንፈር ላይ ነው። ግንቡ ከውስጥም ከውጭም ይለሰናል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታንኩ በንጹህ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ይቆይ፣ ግንቡ የመጠጠው ይተካ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ቀን ቆይቶ ውሃው ከጣት ውፍረት በላይ ከጎደለ ልስኑ ይፈተሽ።

እርምጃ አምስት፦ የጠጠር መደቡና ደንገሉ

ለአንድ ሰው 2 ካሬ ሜትር፣ በጠቅላላው 600 ካሬ ሜትር ይዘጋጅ። አንድ ትልቅ መደብ ከመሥራት እያንዳንዳቸው 12 ሜትር በ25 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን መሥራት ይሻላል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሠራል። ፀሐይ የሚመታው ክፍት ኩሬ ጀርም በመግደል ከጠጠር መደብ እንደሚበልጥ አልክድም፤ ነገር ግን ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ በአግባቡ ካልተያዘም ትንኝና ቀንድ አውጣ ይፈለፈልበታል። በጠጠር መደብ ውስጥ ውሃው ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ ዓይንም ትንኝም አያየውም።

መደቡ 80 ሳንቲሜትር ይቆፈርና ወለሉ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ወደ መውጫው ይዘንብል። ሥርና ስለታም ድንጋይ ተለቅሞ አሸዋ ይነጠፍበታል፣ በአሸዋው ላይ ከ0.75 ሚሊሜትር የማይሳሳ፣ ውሃ የማያሳልፍ ጂኦሜምብሬን ፕላስቲክ ይዘረጋል፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ እንደገና አሸዋ። በመግቢያውና በመውጫው በኩል አንድ አንድ ሜትር ያህል ከ40 እስከ 80 ሚሊሜትር የሆነ ድንጋይ ይሞላል፣ መካከሉ በሙሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በሆነ የታጠበ ጠጠር 60 ሳንቲሜትር ይሞላል። ጠጠር ሻጩ በቁጥር ሊጠራው ይችላል፤ ትእዛዙ ግን በሚሊሜትር ይሁን። ጠጠሩ ሲራገፍ ከክምሩ መሐል አንድ እፍኝ ተወስዶ ግልጽ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይነቅነቅ። ጥቂት ሲረጋ ውሃው በማዶው ያለውን እጅ ካላሳየ ጠጠሩ አልታጠበምና መኪናው ይመለስ፤ ያ ጭቃ መደቡን ከውስጥ ይደፍነዋል። ይህ ነገር ከጭነት ጭነት ስለሚለያይ የመጀመሪያውን አይቶ ማመን አይገባም።

በመውጫው ጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይ የቆመና ክርን በሚባለው መታጠፊያው ላይ የሚዞር ቱቦ ይገጠማል። ቱቦው ቀና ሲል በመደቡ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ ሲያዘነብል ዝቅ ይላል። በመደበኛ ጊዜ ውሃው ከጠጠሩ ገጽ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር በታች ይሁን።

ተክሉን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚያው በዳርቻው አለ። ከአንድ ቦታ አጥፍቶ ሳይሆን ከየቦታው ተቀንሶ፣ ቡቃያ ያለው የሥር ቁራጭ ግንዱ ወደ ክንድ ርዝመት ተቆርጦ ይወሰድ። በካሬ ሜትር አራት፣ በጠቅላላው 2,400 ቁራጭ ይተከላል። ደንገል ከጠፋ ፊላ ይሆናል። እንቦጭ ግን ቆሻሻ ያጠራል ሲባል ቢሰማም ወደዚህ ቦታ በምንም ምክንያት አይምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው እስከ ጠጠሩ ገጽ ድረስ ይያዝ፣ ሥሩ ሲይዝ ቀስ እየተባለ ይውረድ። ሙሉው ፍሳሽ የሚለቀቀው ደንገሉ አዲስ ቡቃያ ማውጣቱ ከታየ በኋላ ነው፤ ሦስት ወር መጠበቅ ብዙ አይደለም።

እርምጃ ስድስት፦ የወጣውን ውሃ ማዋል

ከመደቡ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ቢታይም አይጠጣም፣ አይታጠብበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመስኖ በሚውል እንዲህ ያለ ውሃ በአንድ ሊትር ከአንድ በላይ የአንጀት ትላትል እንቁላል እንዳይኖር ይመክራል፤ ያንን ሳያስመረምሩ ሰላጣ፣ ካሮት ወይም ጥሬውን የሚበላ ቃሪያ ማጠጣት አይገባም። ለሙዝ፣ ለማንጎና ለዝሆኔ ሣር ግን ከነማዳበሪያው የመጣ ውሃ ነው። የጠጠር መደብ ፎስፈረስን በደንብ ስለማያስቀር ይህ እርምጃ የሚታለፍ አይደለም፤ ሐይቁ ላይ እንቦጭ የሚያበቅለው ፎስፈረስ እዚህ ሙዝ ያበቅላል። ውሃው አይረጭም፤ በሙዙ ሥር በተቆፈረና በሣር በተሸፈነ ቦይ ይለቀቃል። በክረምት አፈሩ ስለሚጠግብ ከማሳው በላይ፣ ከችካሉ ከፍ ባለ መሬት ላይ ጠጠር የተሞላበት የማስረጊያ ቦይ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ

አንድ ደመወዝ የሚከፈለው ጠባቂ ያስፈልጋል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ ማጣሪያ ከሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ አላየሁም። ጠባቂው በየሳምንቱ ስብ ማጥመጃውንና መፈተሻ ሳጥኖቹን ያጸዳል፣ የመውጫውን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ቀለሙንና ሽታውን በደብተር ይጽፋል። ውሃው በጠጠሩ ገጽ ላይ ተኝቶ ከታየ መደቡ እየተደፈነ ነው፤ ፍሳሹ ወደ ሁለተኛው መደብ ዞሮ የታመመው ለጥቂት ሳምንታት ይረፍ፣ ካልዳነ የመግቢያው ድንጋይ ወጥቶ ይታጠብ። ደንገሉ በዓመት አንድ ጊዜ በበጋ ከጠጠሩ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ይታጨድና ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ አጫጁ ጓንትና ቦቲ ጫማ ያድርግ።

የዝቃጩ ከፍታ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለካል። ሦስት ሜትር በሚሆን ዘንግ የታችኛው ክፍል ላይ አሮጌ ነጭ ነጠላ ይጠቀለልና በመጀመሪያው ክፍል ክዳን በኩል እስከ ወለሉ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጥቁሩ የቀለመበት ከፍታ የዝቃጩ ነው። 1 ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም የጥልቀቱን ግማሽ ሲይዝ፣ መኪና ይጠራ። የመኪናው ኪራይ በዚያን ቀን አይለመንም፤ ዕድሩ ለቀብር እንደሚያዋጣው ሁሉ በየወሩ ከየቤቱ ጥቂት እየተያዘ ለብቻው ይቀመጣል።

ማንም ሰው፣ በምንም ምክንያት፣ ወደ ታንኩ ውስጥ አይግባ። ከዝቃጭ የሚወጣው ጋዝ ሽታው ሳይታወቅ ሰው ይጥላል፤ የወደቀውን ሊያወጣ የሚወርደው ሁለተኛው ሰውም ተከትሎ ይሞታል። ክዳኑ ተከፍቶ እስኪናፈስ ይቆይ፣ በአጠገቡ እሳትና ሲጋራ አይኑር፣ የወደቀ ነገር ካለ በመንጠቆ ይነሣ።

መኪና በማይደርስበት ደሴት ወይም ልሳነ ምድር ላይ ዝቃጩ በፓምፕ ተስቦ በአሸዋና በጠጠር ወደተነጠፈ ማድረቂያ መደብ ይሄዳል። በ20 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲፈስ ለ24 ሜትር ኩብ 120 ካሬ ሜትር ይበቃል። ከማድረቂያው ወደ ታች የሚንጠባጠበው ውሃ ተመልሶ ወደ ታንኩ ይገባል። የደረቀው ዝቃጭ ከዝናብ ተከልሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ እርሻ አይውጣ፤ የወስፋት እንቁላል ከሁሉም ጀርም በኋላ የሚሞት ነው።

ጠረጋው የሚደረገው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሐይቁ ሲሸሽና መሬቱ ሲደርቅ ነው። ከጥር በፊት መኪናውን መጥራት የለመደ ኮሚቴ ካለ የመስከረሙን ታንክ ያስታውስ። ዝቃጩም ሙልጭ ተደርጎ አይወጣም፤ እንጀራ ጋጋሪ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደምታስቀር ሁሉ፣ ከአሥር አንድ እጁ ከታች ይተው። አራቱ ክፍሎች ውስጥ ያለው ዝቃጭ ወደ መደቡ ማለፍ እስካልጀመረ ድረስ አይነካም። መኪናው ከሄደ በኋላ፣ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት፣ ታንኩ በዚያው ቀን እስከ መውጫው ቱቦ ድረስ ውሃ ይሞላ።